ሳይቃጠል በቅጠል፤ ኢንፍሉዌንዛን ፈጥኖ ስለሚለየው የኤሌክትሪክ መሣሪያ

በሽታን ከማከም አስቀድሞ በሽታውን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልግ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። በኦሪት ሕግ እንኳ በቈዳው ላይ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህኑ ቀርቦ እንዲታይ፣ ነገሩም ያጠራጠረ እንደ ሆነ ሰባት ቀን ተለይቶ ከቈየ በኋላ ዳግመኛ እንዲመረመር መታዘዙን ሊቃውንት ያውቁታል። የትእዛዙም ጥቅም ሁለት ነው፤ አንደኛው ሰውየው ያለ በሽታው ስም እንዳይወጣለት፣ ሁለተኛው በሽታው ወደ ማኅበሩ እንዳይዛመት ነው። ዛሬም የጤና ጥበቃ ሥራ የቆመው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው። ነገር ግን ሰባት ቀን የማይታገሥ በሽታ አለ፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተሻግሮ አገር የሚያዳርስ ነው። ይህም ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ብርቱ ጉንፋን ነው።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ላይ የወረደው መቅሠፍት ከአባቶች አፍ ለልጆች የተላለፈ ታሪክ ነው። ያን ጊዜ ታላቁ የዓለም ጦርነት የሚፈጸምበት ወራት ነበር፤ የስፔን ጉንፋን እየተባለ የተጠራውም ኢንፍሉዌንዛ ከወታደርና ከመርከብ፣ ከነጋዴና ከባቡር ጋር እየተጓዘ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው 10,000 ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በዚሁ በሽታ በብርቱ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ። በሽታው ሽማግሌውንና ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን በጕልበቱ የሚመካውንም ጐልማሳ ይጥል ስለ ነበረ፣ በብዙ ቤት አስታማሚና ታማሚ አብረው ወደቁ። በዓለም ላይ ያለቀውን ሰው የታሪክ መርማሪዎች እስከ 50 ሚሊዮን ያደርሱታል። ሕዝቡም ያን መከራ ሳይረሳ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ የቤቱንና የደጁን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠልን ልማድ አደረገ፤ ይህም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል።

ልማዱ ጽዳትን ስለሚያሳስብ የሚመሰገንበት ነገር አለው። ይሁን እንጂ ጢስ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አያጠፋውም፤ ይልቁንም የታመመን ሳንባ ይጐዳል። በ1911 ዓ.ም. የነበሩ ሰዎች ይህን ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ የበሽታውን ምንጭ በአውሮፓም የሚያውቅ አልነበረምና። ጀርመናዊው ሊቅ ሪቻርድ ፋይፈር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 ያገኘው ባክቴርያ የበሽታው መነሻ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖረ፤ ኋላም ስሕተት መሆኑ ተገለጠ። እውነተኛው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 በለንደን ከተማ በዊልሰን ስሚዝ፣ በክሪስቶፈር አንድሩስና በፓትሪክ ሌይድሎው ድካም ነው። እንግዲህ በዚያ ጊዜ ሰው ጠላቱን ሳያይ ከጠላቱ ጋር ተዋጋ ማለት ነው። ዛሬ ጠላቱ ታውቋል፤ የቀረው ጥያቄ ጠላቱ ከደጅ በደረሰ ጊዜ መድረሱ በስንት ሰዓት ይታወቃል? የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለአዲስ አበባ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የምዕራብ ጐጃም ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውራ መንገድ ላይ የተቀመጠ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቡሬም መንገድ ተገናኝቶ የሚለያይበት ከተማ ነው፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም ሠራተኛውን፣ ነጋዴውንና ገበሬውን ከየአቅጣጫው ይጠራል። በርበሬና በቆሎ በሚጫንበት መኪና ሰው ይጫናል፤ ሰው በሚጫንበትም በሽታ ይጫናል። መንገዱ የሰላም መንገድ ቢሆንም በሽታን «ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ኬላ የለበትም።

በዚያ አገር ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ምክንያት አለ። ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ቆላና በወይና ደጋው ንዳድ ብዙ ነው። ትኵሳት፣ ራስ ምታት፣ ቍርጥማትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት የኢንፍሉዌንዛ ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን የወባም፣ የታይፎይድም፣ የግርሻም ምልክቶች ናቸው። የወባ ነገር በዋዛ የሚታይ አለመሆኑን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የወረደው ወረርሽኝ አሳይቷል፤ በዚያን ጊዜ 3 ሚሊዮን ሰው ያህል ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ስለዚህ በዚህ አገር ትኵሳት ያለበት ሰው ሲመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ ወባን ማሰቡ ተገቢ ነው። ጕዳቱ የሚመጣው ወባ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ምርመራው «ወባ የለም» ካለ፣ ታዲያ ምንድር ነው? ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ በጤና ጣቢያው ከሌለ፣ ሐኪሙ በግምት መድኃኒት ለማዘዝ ይገደዳል። በግምት የታዘዘው ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት ደግሞ ቫይረስን አይነካም፤ ገንዘብ ያባክናል፣ ባክቴርያዎችም መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል።

ኢንፍሉዌንዛ እንደ ተራ ጉንፋን ተንቆ የሚታለፍ አለመሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ያስረዳል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው በብርቱ ይታመምበታል፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚሆነውም በእርሱ ምክንያት በመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታል። ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን ልጅ፣ ሽማግሌና የቈየ በሽታ ያለበት ሰው ይጐዱበታል። ኦሴልታሚቪር የተባለው መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን አብልጦ የሚጠቅመው በሽታው ከጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። ከገጠር ቀበሌ አንድ ቀን ተጕዞ ለመጣ በሽተኛ ከ48ቱ ሰዓት የሚተርፈው ጥቂት ነው። የምርመራው ናሙና ሌላ ከተማ ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን የመድኃኒቱ ጊዜ ያልፋል።

የመልስ መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በኮቪድ 19 ዘመን ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ መልስ ይጠበቅ ነበር። ወዲያው ግን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን በአዲስ አበባ ለመሥራት ቻለ፤ የመጀመሪያውም በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የመመርመሪያ ቤቶች በየክልሉ ተከፈቱ። ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ፒሲአር የተባለው ምርመራ፣ እጅግ የታመነ ቢሆንም፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና በሚገባ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። በወረቀት ላይ መሥመር የሚያሳየው ፈጣን ምርመራም ለኢንፍሉዌንዛ አለ፤ ነገር ግን በናሙናው ውስጥ ያለው ቫይረስ ጥቂት ሲሆን ይስታል። እንግዲህ የሚፈለገው እንደ ወረቀቱ ቀላል፣ ወደ ፒሲአርም የቀረበ ታማኝነት ያለው መሣሪያ ነው።

ለዚህ ፍላጎት ሊቃውንት ካቀረቧቸው መንገዶች አንዱ አፕታመር በተባለ ነገር የሚሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አፕታመር ማለት ከዲኤንኤ ወይም ከአርኤንኤ የተሠራ አጭር ክር ነው። ክሩ በአራት ዓይነት ፊደላት የተጻፈ እንደ መሆኑ፣ እንደ ፊደላቱ አቀማመጥ እየተጣጠፈ ልዩ ልዩ ቅርጽ ይይዛል፤ ቁልፍ ከገዛ ቀዳዳው ጋር እንደሚገጥም፣ አንዱም ቅርጽ ከአንድ ከታወቀ ነገር ጋር ብቻ አጥብቆ ይያያዛል። ስሙም «መግጠም» የሚል ትርጕም ካለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። ይህን ጥበብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 በአሜሪካ ሁለት ወገኖች ለየብቻቸው አስታወቁ፤ አንደኛው ወገን ክሬግ ቱርክና ላሪ ጎልድ፣ ሁለተኛውም አንድሩ ኤሊንግተንና ጃክ ሾስታክ ናቸው።

የአመራረጡን ነገር የጐጃም ገበሬ ቢሰማው እንግዳ አይሆንበትም። ገበሬው ከበርበሬው ዛላ፣ ከበቆሎውም ራስ መልካም መልካሙን ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል፤ በሚመጣውም ክረምት ዘርቶ ከፍሬው ደግሞ የተሻለውን ይመርጣል፤ እንዲህ እያደረገ ዘሩን ያጠራል። ሊቃውንቱም ፊደላቸው በዘፈቀደ የተደረደረ እልፍ አእላፋት ክሮች በአንድነት አዘጋጅተው ከቫይረሱ ገላ በተወሰደ ፕሮቲን ላይ ያፈስሷቸዋል። ያልያዘው ታጥቦ ይወገዳል፤ የያዘው ተለይቶ ይባዛል፤ የተባዛውም ዳግመኛ ይፈተናል። ይህ ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ያንን ፕሮቲን ብቻ አጥብቀው የሚይዙ ጥቂት ክሮች ይቀራሉ። ለኢንፍሉዌንዛ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሄማግሉቲኒን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባበት መንጠቆ እርሱ ነውና።

የተመረጠው ክር ብቻውን አይናገርም፤ የሚያናግረው ኤሌክትሪክ ነው። ክሩ በአንድ ጫፉ ወርቅ በተለበጠ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይተከላል፤ በሌላው ጫፉ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ይንጠለጠልበታል። ይህ ቀለም ከወርቁ ጋር ኤሌክትሮን ይለዋወጣል። ቫይረሱ በመጣና ክሩ በያዘው ጊዜ የክሩ ቅርጽ ይለወጣል፤ ቀለሙም ወደ ወርቁ ይቀርባል ወይም ከወርቁ ይርቃል፤ በዚህም የኤሌክትሪኩ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በሌላ ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ በሰሌዳው ላይ ተቀምጦ የኤሌክትሪኩን መንገድ ሲዘጋ፣ የመዘጋቱ መጠን ይለካል። ከአፍንጫ የተወሰደው ናሙና በሰሌዳው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ትንሹ መሣሪያ ለውጡን በቍጥር ያሳያል። የአሠራሩ ሥር እንግዳ አይደለም፤ የስኳር በሽተኛ በቤቱ የሚይዘው የደም ስኳር መለኪያ፣ ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ በ1962 ባስታወቁት ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ በኤንዛይምና በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። ያንን መለኪያ ጣቱን ወግቶ በራሱ እጅ የሚጠቀምበት ሰው በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ነው።

ይህ ጥበብ እንደ ፍኖተ ሰላም ላለው አገር የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። በወረቀቱ ምርመራ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከእንስሳ ወይም ከሕያው ሕዋስ የሚገኝ ፕሮቲን ስለ ሆነ በሙቀት ይበላሻል፤ አንድ ጊዜ ከተበላሸም አይመለስም። አፕታመር ግን በኬሚስትሪ ጥበብ የሚሠራ ነው፤ ለመሥራቱ እንስሳ አያስፈልግም፤ ደርቆ ሊቀመጥና በሙቀት ቅርጹ ቢፈታ እንኳ ሲቀዘቅዝ ሊመለስ ይችላል። መለኪያው በባትሪ የሚሠራ ስለሚሆን መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። መልሱም ቍጥር እንደ መሆኑ በስልክ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳውም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ወዲያው ሊላክ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን በሽተኛ ከመርዳት አልፎ ወረርሽኝ መነሣቱን ሊያስታውቅ ይችላል።

ነገር ግን ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ መናገር ሕዝብን ማሳሳት ነው። በአፕታመር ኢንፍሉዌንዛን የሚለየው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አብዛኛው ሥራው ገና በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቫይረሱን በሚገባ የለየው መሣሪያ በንፍጥና በምራቅ ውስጥ ሊደናገር ይችላል፤ በዚያ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖች በሰሌዳው ላይ ይጣበቃሉ፣ ክሩንም የሚበሉ ኤንዛይሞች አሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ኢንፍሉዌንዛ መልኩን የሚለዋውጥ መሆኑ ነው። ክትባቱ በየጊዜው የሚታደሰው ስለዚሁ ነው፤ ለዘንድሮው ቫይረስ የተመረጠ ክር የሚመጣውን ዓመት ቫይረስ ላይዘው ይችላል።

ይህ ስጋት በአሳብ ብቻ ያለ አይደለም፤ በወባ ምርመራ በኢትዮጵያ ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የወባ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው በሽታ አምጪው ተሐዋስ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነበር። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች የተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት፣ ያንን ፕሮቲን የሚያወጣውን የዘር ቅንጣት የጣሉ የወባ ተሐዋስያን መገኘታቸውንና ከምርመራው እያመለጡ መሆናቸውን አስረዳ። በሽተኛው ወባ እያለበት ወረቀቱ «የለም» ይላል ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከተገዛ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት አይቻልም። መርማሪውን መሣሪያ ራሱን ዘወትር የሚመረምር ያስፈልገዋል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ኢንፍሉዌንዛ የሰው ብቻ በሽታ አይደለም፤ የዱር ወፍም፣ የዶሮም፣ የአሳማም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 በሆንግ ኮንግ ከዶሮ ወደ ሰው የተላለፈው ኤች5ኤን1 የተባለው ዓይነት 18 ሰው ይዞ 6ቱን ገደለ፤ በ2006ም ናይጄሪያና ግብፅ ደርሶ በዶሮ ላይ ታላቅ ጥፋት አደረሰ። በጐጃም ገጠር ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ታድራለች፤ በገበያ ቀንም በሰው እጅ ተንጠልጥላ ትሄዳለች። ወደ ጣና ሐይቅም በበጋ ከአውሮፓ ብዙ ወፎች ይመጣሉ። ስለዚህ የዶሮን ድንገተኛ እልቂት ፈጥኖ የሚለይ መሣሪያ ቢገኝ ለሰው ጤና የመጀመሪያው ዘበኛ ይሆናል። በዚህ ረገድ የእንስሳት ሐኪሙና የሰው ሐኪሙ ተለያይተው እንዲሠሩ አያስፈልግም፤ በቡሬ ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም ለዚህ ዓይነት ምርምር በሥፍራው የሚገኝ ነው።

እንግዲህ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ከአሁኑ ሊያዘጋጁት የሚገባው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መጀመሪያ፣ ወባ የሌለበት ንዳድ ሁሉ በመዝገብ ተለይቶ ይጻፍ፤ ቍጥሩም በሳምንቱ ወደ በላይ ይተላለፍ፤ መሣሪያው ሳይመጣ ይህ ብቻ እንኳ ወረርሽኝ ሲነሣ ያስታውቃል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም አዲስ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት በባሕር ዳር ያለው የአማራ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከአዲስ አበባው ጋር ሆኖ በዚሁ አገር በሽተኞች ናሙና ከፒሲአር ጋር አስተያይቶ ይፈትነው፤ የነጋዴ ምስክርነት አይበቃም። ሦስተኛ፣ በውጭ አገር የተመረጠውን ክር መግዛት ብቻ ሳይሆን የመምረጡን ጥበብ የሚያውቁ ወጣቶች በአገር ውስጥ ይሠልጥኑ፤ ቫይረሱ መልኩን በለወጠ ጊዜ ዘሩን እንደሚያጠራው ገበሬ አዲሱን ክር የሚመርጥ ሰው እንዲገኝ ነው። አራተኛ፣ መልሱ የሚያስከትለው ሥራ አስቀድሞ ይሰናዳ፤ «ኢንፍሉዌንዛ ነው» ከተባለ በኋላ መድኃኒቱም መለያ ክፍሉም ከሌለ ማወቁ ብቻውን አያድንም።

የካህናትም ድርሻ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ተረት ይልቁንም ለሚተላለፍ በሽታ እውነት ነው። ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ብዙ ጊዜ ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት የሚሰበሰበውም ሕዝብ የካህኑን ቃል ይሰማል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ የእምነት ጕድለት አለመሆኑን በተናገሩ ጊዜ፣ ከሁለቱ አንዱን ለመተው ሲጨነቁ የነበሩ ብዙ ሰዎች ዕረፍት አግኝተዋል። እንዲሁም የሚያስለው ሰው አፉን እንዲሸፍን፣ ትኵሳት ያለበት ከጉባኤ ቀርቶ ሳይውል ሳያድር እንዲመረመር፣ ምርመራም ነውር እንዳልሆነ ካህኑ ቢያስተምር፣ የካህኑ ቃል መሣሪያው የማይደርስበት ቤት ይደርሳል። ኅዳር 12 ቀንም ጥራጊ ከማቃጠል ይልቅ የመተንፈሻ በሽታ ትምህርት የሚሰጥበት ቀን ቢሆን፣ የ1911 ዓ.ም. ሙታን መታሰቢያ የበለጠ ይከብራል።

በ1911 ዓ.ም. ያለቀው ሕዝብ ያለቀው በበሽታው ኀይል ብቻ አይደለም፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣና በየትኛው ቤት እንዳለ ባለመታወቁም ጭምር ነው። ዛሬ ያ ድንቍርና ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከወርቅ ሰሌዳ ላይ የተተከለው ረቂቅ ክር ነገ ፍጹም ሆኖ ከፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያዎች ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ቢዘገይም መዝገብ መጻፍን፣ ፈጥኖ ማስታወቅንና ሕዝብን ማስተማርን የሚያዘገይ ነገር የለም። መሣሪያ የሚጠቅመው የተሰናዳ እጅና የነቃ ልብ ሲያገኝ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶች እሳቱን ሲያዩ ሳይሆን ጢሱን ሲያዩ እንዲነሡ ለልጆቻቸው መምከራቸው ነበርና፣ ሹሙም ካህኑም ጢሱን ገና ከሩቅ ሳለ ለማየት እንዲተጋ ያስፈልጋል።